ከዘውድ ወደ አሻንጉሊት
የልጆች ቴሌቪዥንና የቴምብር አሰባሰብ ታሪክ

የፖስታ ቴምብር በመሠረቱ የክፍያ ማስረጃ ነው። ደብዳቤው ከላኪው እጅ ወጥቶ ከተቀባዩ እጅ እስኪገባ ድረስ ያለው የመጓጓዣ ዋጋ አስቀድሞ መከፈሉን የሚያረጋግጥ፣ በጀርባው ሙጫ፣ በዙሪያው ጥርስ ያለው ቁራጭ ወረቀት ነው። ማኅተም ባረፈበት ቅጽበትም የተፈጠረበት ተግባር ያበቃል። ይሁንና የሰው ልጅ ይህን ሥራውን የጨረሰ ወረቀት አልጣለውም። ከፖስታው ላይ በጥንቃቄ ነቅሎ፣ አድርቆ፣ በአልበም ደርድሮ አስቀመጠው። ምክንያቱም ቴምብር ከክፍያ ማስረጃነቱ ሌላ አንድ ትልቅ ነገር ይዟል፤ እርሱም መንግሥትና ሕዝብ ሊከበር ይገባዋል ብለው የመረጡት ምስል ነው።

ስለዚህ የአንድን አገር ቴምብሮች በዘመን ቅደም ተከተል የሚመለከት ሰው፣ ያ አገር በየጊዜው ማንን ሲያከብር እንደ ኖረ ያያል። በመጀመሪያ የነገሡት የነገሥታት ራሶች ናቸው። ቀጥሎ አራዊቱ፣ ሕንፃው፣ ድልድዩና ፋብሪካው መጡ። ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው እንግዳ በቴምብር ላይ ወንበር ያዘ። ይህ እንግዳ ከእንጨት፣ ከጨርቅና ከክር የተሠራው የልጆች ቴሌቪዥን አሻንጉሊት ነበር። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣና ምን እንደሚያስተምር መመርመር ለለንደን ወይም ለኒው ዮርክ ሰብሳቢ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። በጎጃም ደጋ ላይ ለምትገኘው ለአምበርና ለመሰል ከተሞች መምህራንም ቅርብ ነው። የጥያቄው እምብርት፣ አንድ ትውልድ በልጅነቱ የሰማውና ያየው ነገር እንዴት ይቀመጣል የሚለው ነውና።

የቴምብር ፊት

በዓለም የመጀመሪያው የፖስታ ቴምብር በ1840 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ታትሞ ወጣ። ሐሳቡን ያራመደው ሮውላንድ ሂል የተባለው የፖስታ አገልግሎት አራሚ ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ የታየው የንግሥት ቪክቶሪያ የጎን መልክ ነበር። የአገሩ ስም አልተጻፈበትም፤ የንግሥቲቱ ራስ እንደ ስም ያገለግል ነበርና። ይህም ልማድ በእንግሊዝ ቴምብሮች ላይ ጸንቶ ቀርቷል።

ኢትዮጵያም ወደዚህ ዓለም የገባችው ዘውድን አስቀድማ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን በአዋጅ ያቋቋሙት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች 7 ዓይነት ሆነው በፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን የቀረጸውም ኧዤን ሙሾን የተባለው ስመ ጥር የፈረንሳይ ቀራጭ ነው። ከሩብ ግርሽ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ባለ 4፣ ባለ 8 እና ባለ 16 ግርሾቹ ደግሞ ዘውድ የደፋውን አንበሳ ያሳያሉ። «ቴምብር» የሚለው ቃልም ከፈረንሳይኛ ተወስዶ በአማርኛ ለምዶ የቀረው ከዚሁ ግንኙነት ነው። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ የኢትዮጵያ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠየቅበት ባሕር ተሻግሮ መሄድ ቻለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው እርምጃ ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ ልዩ ትርጉም አለው። በ1911 ዓ.ም. በወጣው ተከታታይ እትም ላይ ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መልክ ጎን የአገሪቱ አራዊት ተሰለፉ፤ ቀጭኔው፣ ነብሩ፣ አውራሪሱ፣ ሰጎኑ፣ ዝሆኑ፣ ጎሹና አንበሳው። በየጎጆው እሳት ዳር በተረት ሲናገሩና ሲከራከሩ የኖሩት እንስሳት በመንግሥት ወረቀት ላይ ወጡ ማለት ነው። ቴምብሩን ያሳተሙት ሰዎች ሐሳብ ለውጭው ዓለም የአገሪቱን ሀብት ማሳየት ሊሆን ይችላል። ቴምብሩ ከእጁ ለገባ ልጅ ግን ያ ወረቀት ሥዕል ያለው ተረት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጡት የሙዚቃ መሣሪያዎች ቴምብሮችም እንዲሁ ከበሮን፣ በገናን፣ መሰንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን አሳይተዋል። ከእነዚህ መካከል ዋሽንት የእረኛው ልጅ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ቴምብር ከዘውድ ወደ ተረት እንስሳ፣ ከተረት እንስሳም ወደ እረኛ ዋሽንት ወርዷል። «ወርዷል» የሚለው ቃል ግን ሊያሳስት አይገባም። የምስሉ ባለቤት እየሰፋ፣ የሚከበረውም ሰው እየበዛ የሄደበት ጉዞ ነውና።

አየር ላይ የሚቀር ጥበብ

ቴሌቪዥን ሲፈጠር አንድ ከባድ ድክመት ይዞ ተፈጠረ፤ ያሳየውን የማስቀመጥ አቅም አልነበረውም። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት አብዛኛው ዝግጅት ከስቱዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ስለ ነበር፣ ጨዋታው እንዳለቀ የሚቀረው በተመልካቹ ልብ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ዘግይቶ የመጣው የምስል መቅጃ ክርም ውድ ስለ ነበረ፣ በብዙ አገሮች የነበረውን እየደመሰሱ በላዩ አዲስ መቅዳት የተለመደ አሠራር ሆነ። በዚህ ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው የልጆች ዝግጅት ነው። ለታሪክ የሚጠቅም ሰነድ ነው ብሎ የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ነበርና።

የእንግሊዝ አገር ምሳሌ ይህን በግልጽ ያሳያል። የእንግሊዝ የማሰራጫ ድርጅት ቢቢሲ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን በ1946 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲጀምር፣ ለልጆች ከቀረቡት የመጀመሪያ ተዋንያን አንዱ መፊን የተባለ በክር የሚንቀሳቀስ የእንጨት በቅሎ ነበር። አኔት ሚልስ የተባለችው ተዋናይት ፒያኖ እየመታች ስትዘፍን፣ በቅሎው በፒያኖው ጀርባ ላይ ይጨፍራል። ነገሩ ይኸው ነው። ሆኖም ከጦርነት ፍርስራሽ መካከል ለሚያድጉ ልጆች ያ የእንጨት በቅሎ የደስታ ምንጭ ሆነላቸው። በ1950 እ.ኤ.አ. የቀረበው አንዲ ፓንዲ የተባለው አሻንጉሊት በመጀመሪያ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ ኋላ ግን እየተደጋገመ እንዲታይ በፊልም ተቀረጸ። ይህ ትንሽ ውሳኔ ዝግጅቱን ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው አሻገረው።

በ1996 እ.ኤ.አ. የልጆች ቴሌቪዥን 50ኛ ዓመት በተከበረ ጊዜ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት 5 ቴምብሮችን አወጣ። በመጀመሪያው ላይ የታየው መፊን በቅሎው ነው። ቀጥለውም ሱቲ የተባለው የእጅ አሻንጉሊት ድብ፣ ስቲንግሬይ የተባለው የባሕር ጀብዱ፣ ክላንገርስ የተባሉት በሹራብ የተሠሩ የጨረቃ ፍጥረታትና ዴንጀር ማውስ የተባለው አይጥ ቀረቡ። በእነዚህ ቴምብሮች ላይ አስተዋይ ተመልካች አንድ ነገር ያያል። በአንድ ጥግ የንግሥት ኤልሳቤጥ ራስ እንደ ጥላ በትንሹ ተቀምጧል፤ የወረቀቱን ሰፊ ቦታ የያዘው ግን አሻንጉሊቱ ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. ወረቀቱን ሁሉ ሞልቶት የነበረው ዘውድ በ150 ዓመት ገደማ ውስጥ ለእንጨት በቅሎ ቦታ ለቀቀለት።

ይኸው ፖስታ ቤት በጥር 2014 እ.ኤ.አ. እንደገና 12 ቴምብሮችን ለቀድሞ የልጆች ቴሌቪዥን ሰጠ። ከአሥራ ሁለቱ መካከል አንዲ ፓንዲ፣ የባቡሩ አይቨር፣ ፓዲንግተን የተባለው ከፔሩ የመጣ ድብ፣ ባግፑስ የተባለው የጨርቅ ድመት፣ እንዲሁም ከጥቁርና ነጭ ድመቱ ጋር ደብዳቤ የሚያድለው ፖስተኛ ፓት ይገኙበታል። የፖስታ ቤት ቴምብር የአሻንጉሊት ፖስተኛን ሲያከብር ማየት ደስ የሚያሰኝ ነው።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። አይቨርን፣ ክላንገርስንና ባግፑስን የፈጠሩት ኦሊቨር ፖስትጌትና ፒተር ፈርሚን የተባሉ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ የሠሩበትም ስፍራ በኬንት ገጠር ከአገልግሎት ውጭ የሆነ የላም በረት ነበር። የክላንገርስን አካል በሹራብ የሠራችው የፈርሚን ባለቤት ናት። የባግፑስ ዝግጅት በጠቅላላው 13 ክፍል ብቻ ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ለዓመታት እየተደጋገመ ታየ። የላም በረትና ሹራብ አንድን ሕዝብ የሚያስተሳስር ትዝታ ሊወልዱ ከቻሉ፣ የመሣሪያ እጥረት ለጥበብ ስንፍና ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህ ዓይነቱ ቴምብር የእንግሊዝ ብቻ አልነበረም። የቀድሞው የጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ገና በ1972 እ.ኤ.አ. ልጆች ከመተኛታቸው በፊት በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸውን አሻንጉሊቶች በ6 ቴምብሮች ላይ አውጥቷል። ሶቪየት ኅብረትም በ1988 እ.ኤ.አ. የልጆች ካርቱን ፊልሞቿን ገጸ ባሕርያት በቴምብር አክብራለች። በዩናይትድ ስቴትስ በ2009 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ቴሌቪዥንን ለማስታወስ 20 ቴምብሮች ሲወጡ፣ ሃውዲ ዱዲ የተባለው አሻንጉሊት ከእነርሱ መካከል ነበረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰሰሚ ስትሪት የተባለው ዝግጅት 50ኛ ዓመቱን በያዘበት ጊዜ ገጸ ባሕርያቱ በ16 ቴምብሮች ታተሙ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍሬድ ሮጀርስ ቴምብር ግን ልዩ ነው። ለልጆች በዝግታና በትሕትና በመናገር የታወቀው ይህ አቅራቢ በቴምብሩ ላይ የታየው ዘውድ ከደፋ ንጉሥ ጋር ነው፤ ንጉሡ ግን የጨዋታ ንጉሥ፣ የእጅ አሻንጉሊት ነው። ከዘውድ ወደ አሻንጉሊት የተደረገው ጉዞ በዚህ ወረቀት ላይ በአንድነት ይታያል።

በሥርዓተ መንግሥት የተለያዩ፣ እንዲያውም አንዱ ሌላውን በጠላትነት ይመለከቱ የነበሩ አገሮች በዚህ ነገር መስማማታቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በየአገሩ በቴሌቪዥን አጠገብ ያደገው ትውልድ ለአካለ መጠን ደርሶ፣ ሥልጣንም ብዕርም ከያዘ በኋላ፣ ልጅነቱን የሠራለትን ነገር ከአየር ላይ አውርዶ በወረቀት ሊያኖረው ፈለገ። የልጆች ቴሌቪዥን ቴምብር ከዝግጅቱ በ20፣ በ30 ወይም በ50 ዓመት ዘግይቶ የሚመጣው ስለዚህ ነው።

የልጆች ጊዜ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓል ዕለት ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ጣቢያው በተከፈተበት ዘመን የተጀመረው «የልጆች ጊዜ» የተባለው ዝግጅት ግን ከዘውዱም፣ ከእርሱ በኋላ ከመጣውም ሥርዓት ዕድሜ አልፎ ዘለቀ። አቅራቢው ተስፋዬ ሳህሉ፣ በልጆች አንደበት አባባ ተስፋዬ ነበሩ።

አባባ ተስፋዬ ወደ ቴሌቪዥን የመጡት ከመድረክ ነው። ሴቶች በመድረክ ላይ መታየት ባልለመዱበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው የተጫወቱ፣ ወደ ኮሪያ ለዘመተው የቃኘው ሠራዊትም ሄደው ያጫወቱ ተዋናይ ነበሩ። ይህ የመድረክ ልምድ በቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ ጠቀማቸው። ተረትን ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው አያቀርቡትም ነበር። ድምፃቸውን እየለዋወጡ፣ በእጃቸውና በፊታቸው እየተናገሩ፣ አንበሳውንም ጦጣውንም ራሳቸው ሆነው ይጫወቱ ነበር። ልጆችን የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ ይጠሩ ነበር፤ ይህም አጠራር ከስማቸው ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ተረቱ ሲያልቅ ምክሩ ይከተላል፤ ይህ ደግሞ ከአያት የተወረሰ ሥርዓት ነው።

የአባባ ተስፋዬ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ቴሌቪዥን ለኢትዮጵያ አዲስና ባዕድ መሣሪያ ነበረ። እርሳቸው ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚመጣውን ባዕድ ሥርዓት አልተቀበሉም፤ በእሳት ዳር የሚቀመጠውን አያት ወስደው በስቱዲዮ መብራት ሥር አስቀመጡት። ልጆቹም «አባባ» ብለው በዘመድ ስም ጠሯቸው። ከ40 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ቆይተው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ፣ ያለቀሱላቸው ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎችም ነበሩ።

ሁለተኛው ታላቅ ምዕራፍ የተከፈተው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት ፀሐይ የተባለች ጠያቂ የቀጭኔ ልጅ በአሻንጉሊት መልክ ለልጆች ቀረበች። ዝግጅቱን የመሠረቱት መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው በመኖሪያ ቤታቸው ሳሎን ነው። ፊደልን፣ ቁጥርን፣ ንጽሕናንና መልካም ጠባይን በአማርኛ ያስተማረችው ይህች ቀጭኔ ውላ አድራ በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችም ተናገረች፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ፕሪ ዠነስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የልጆች ቴሌቪዥን ሽልማትም አገኘች። የኬንቱ የላም በረትና የአዲስ አበባው ሳሎን በዚህ ይመሳሰላሉ።

ቴምብር ሰብሳቢ ደግሞ ሌላ መመሳሰል ያያል። በ1911 ዓ.ም. በቴምብር ላይ የወጣው ቀጭኔ ከ87 ዓመት በኋላ አንደበት አግኝቶ በቴሌቪዥን ለልጆች ተናገረ። ሁለቱን በአንድ የአልበም ገጽ ላይ ማገናኘት፣ ቴምብሩን ከሥዕሉ ሥር ከሚጻፍ አጭር መግለጫ ጋር ማኖር፣ የሰብሳቢው የፈጠራ ሥራ ነው። አሰባሰብ ወረቀት ማከማቸት ብቻ የሚመስለው ይህን ያልሞከረው ነው።

አገር ስጠኝ

አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ የጤፍ ማሳ ተዘርግቷል፤ በሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ይታያል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሥርጭቱ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የተወሰነ ስለ ነበር፣ የአባባ ተስፋዬ ድምፅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዓባይን ሸለቆ አልተሻገረም። የፖስታ ከረጢት ግን በዚያው ጎዳና፣ በዚያው ድልድይ ላይ ያልፍ ነበር። በአዲስ አበባ የሚማር ወንድም፣ በሌላ ክፍለ ሀገር የሚያስተምር አጎት ወይም ከባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የጻፈው ደብዳቤ ሲደርስ፣ ቃሉ ለወላጅ ይነበባል፤ ቴምብሩ ለልጅ ይቀራል። ስለዚህ በአምበርና በመሰል የደጋ ከተሞች ከሩቅ አገር የመጣውን ምስል ለልጅ ያቀረበው ከቴሌቪዥን በፊት ቴምብር ነው።

ይህ ምስል ያረፈው ደግሞ ባዶ በሆነ አእምሮ ላይ አልነበረም። የጎጃም ደጋ ልጅ የራሱ የጨዋታ ሰዓት አለው። ከብቱ በረት ከገባ፣ እሳቱ ከነደደ በኋላ ተረትና እንቆቅልሽ ይጀመራል። በቡሄ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶቹ እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ፤ በገና እረኞቹ ሩር ይመታሉ። ለልጆች የተመደበ ሰዓት፣ የታወቀ አቅራቢ፣ የሚደጋገም መክፈቻና መዝጊያ፣ የሚጠበቅ ምክር የቴሌቪዥን ፈጠራዎች አይደሉም። «የልጆች ጊዜ» የተባለው ነገር በአምበር ጎጆዎች ውስጥ ከቴሌቪዥን አስቀድሞ ነበረ።

በእንቆቅልሽ ጨዋታ ደግሞ ከቴምብር አሰባሰብ ጋር በእጅጉ የሚቀራረብ ሕግ አለ። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊውም ጎንደርን ወይም ሐረርን፣ የሰማውን አገር ስም ጠርቶ ይሰጣል፤ አሸናፊው አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይናገራል። እንግዲህ ልጁ በጨዋታ የሚለዋወጠው አገርን ነው። ቴምብር ሲመጣ ያ አገር በወረቀት ላይ ሥዕል፣ ዋጋና ማኅተም ይዞ ቀረበ። ሁለት የያዘ አንዱን ሰጥቶ የሌለውን ይቀበላል፤ እያንዳንዱም ልውውጥ ጥያቄ ይወልዳል። ይህ አገር የት ነው? የሚናገሩት ቋንቋ ምንድር ነው? በቅሎው በፒያኖ ላይ ምን ያደርጋል?

የመጨረሻው ጥያቄ በጎጃም ልዩ ጣዕም አለው። ለለንደን ልጅ በቅሎ በአሻንጉሊት ብቻ የሚታይ እንስሳ ሊሆን ይችላል፤ ለአምበር ልጅ ግን በቅሎ ገበያ የሚያደርስ፣ ሙሽራ የሚያሳፍር የቤት ሀብት ነው። መፊን በቅሎው የታተመበትን ቴምብር ለተማሪዎቹ የሚያሳይ መምህር፣ የሩቁን አገር ልጅነትና የቅርቡን በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ ሊያገናኝ ይችላል። ልጆቹም የባዕዱን አሻንጉሊት አይተው ከመደነቅ አልፈው፣ የራሳቸው ተረት እንስሳት ከእርሱ እንደማያንሱ ይረዳሉ። እዚህ ላይ አሰባሰብ ትምህርት ይሆናል።

የአሰባሰቡ ሥርዓት

የልጆች ቴሌቪዥንን ወይም ማንኛውንም ሌላ ጉዳይ መርጦ ቴምብር መሰብሰብ በርዕስ መሰብሰብ ይባላል። ሰብሳቢው የአንድን አገር እትም ሁሉ ከመከተል ይልቅ ከየአገሩ ለርዕሱ የሚስማማውን ይመርጣል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የሌለው መምህር ወይም ተማሪም ሊጀምረው ይችላል። ለኢትዮጵያ ሰብሳቢ መነሻ የሚሆኑት ከላይ የተጠቀሱት የአራዊትና የሙዚቃ መሣሪያዎች ቴምብሮች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 1979 እ.ኤ.አ. የዓለም የልጆች ዓመት ሆኖ እንዲከበር በወሰነ ጊዜ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ያወጧቸው ቴምብሮችም ለዚህ ርዕስ ይስማማሉ።

አያያዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከደብዳቤ ላይ ያለ ቴምብር በጥፍር አይላጥም፤ በዙሪያው ያለው ወረቀት ተቆርጦ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሙጫው ሲለቅ በንጹሕ ወረቀት መካከል ይደርቃል። በቅርብ ዘመን የመጡት ራሳቸው የሚጣበቁ ቴምብሮች ግን በውኃ በቀላሉ ስለማይለቁ ከነወረቀታቸው ተከርክመው ቢቀመጡ ይሻላል። ጥርሱ የተጎዳ፣ የተቀደደ ወይም በማጣበቂያ የተበላሸ ቴምብር ዋጋው ይወድቃል። ማኅተሙ ግልጽ ሆኖ የከተማውንና የቀኑን ስም የሚያሳይ ከሆነ ግን ሰብሳቢ ከነፖስታው ያስቀምጠዋል፤ የደብረ ማርቆስ ማኅተም ያለበት አሮጌ ፖስታ ለአካባቢው ታሪክ ከአንድ ያልተነካ ቴምብር ይልቅ ብዙ ይናገራል። በአዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለው የፖስታ ሙዚየም ይህን ታሪክ ለማጥናት ለሚሹ ሁሉ ጠቃሚ ስፍራ ነው።

በዚህ ርዕስ ላይ የተለየ ማስጠንቀቂያም ያስፈልጋል። የልጆች ገጸ ባሕርያት በገበያ የሚፈለጉ በመሆናቸው፣ የፖስታ ቤቶቹ ፈቃድ ሳይኖር በየአገሩ ስም፣ በተለይም በአፍሪካ አገሮች ስም፣ ካርቱን የታተመባቸው ሐሰተኛ ቴምብሮች በብዛት ሲሸጡ ኖረዋል። እነዚህ ወረቀቶች ለደብዳቤ አያገለግሉም፤ በስማቸው የታተመባቸው አገሮች ሕዝቦችም አያውቋቸውም። የዓለም የፖስታ ኅብረት ይህን ለመከላከል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥታት ፖስታ ቤቶች የሚወጡትን ቴምብሮች በቁጥር የሚመዘግብ ሥርዓት አቁሟል። ጉዳዩ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል። አንድ አገር በማያውቀው ወረቀት ላይ የባዕድ ካርቱን የሚያከብር መስሎ ሲታይ፣ ሊከበር የሚገባውን የመምረጥ መብቱ ተሰርቋል። ልጆችን ቴምብር የሚያሰበስብ መምህር እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አስቀድሞ ሊያስተምራቸው የሚገባው ለዚህ ነው።

የሚጠበቅ ሥራ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአየር የሚተላለፍ ድምፅና ምስል ሰፊ ነው፤ ብዙ ሺህ ቤት በአንድ ጊዜ ይገባል። ነገር ግን ሆን ተብሎ ካልተቀመጠ ከአቅራቢውና ከተመልካቹ ዕድሜ በላይ አይኖርም። ወረቀት በአንጻሩ ጠባብ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ እጅ በላይ አይገባም። ነገር ግን ይቆያል፣ ይሻገራል፣ ይመሰክራል። የእንግሊዝ ልጆች በፒያኖ ላይ የጨፈረውን በቅሎ ዛሬ በስም የሚያውቁት፣ ያዩት አያቶቻቸው ጠብቀው፣ ጽፈውና አትመው ስላስተላለፉት ነው።

በኢትዮጵያም ለዚህ የሚሆን ሀብት አለ። አባባ ተስፋዬ ያቀረቧቸውን ተረቶች የሚያስታውሱ ሰዎች በየከተማው ይገኛሉ፤ በአምበር ዙሪያ ደግሞ እነዚያን የመሰሉ ተረቶች ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን በደብተር እንዲጽፉ፣ ሠዓሊው የተረቱን እንስሳት እንዲስል፣ የባህል ሠራተኛው የተሰበሰበውን በቤተ መጻሕፍት እንዲያኖር የሚከለክል ነገር የለም። የቴምብር አልበም በአንድ ክፍል ውስጥ ለዚህ ሥራ ጥሩ መግቢያ ነው፤ ልጆች ትንሹን ነገር ማክበር፣ ከየት እንደ መጣ መጠየቅና ሳያበላሹ ማስተላለፍ ይለምዱበታልና።

የላም በረት፣ የመኖሪያ ቤት ሳሎንና የአያት ጎጆ ለልጆች ጥበብ ሠርተዋል። የጎጆው ተረት ገና ብዙ ያልተጻፈ አለው፤ የሚያውቁትም ሰዎች በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ተራኪዎቹ በሕይወት ሳሉ ነው።